ፍሪሲዮን የማይረግጠው ሾፌር

በብሎኬት ማምረቻው ግቢ ውስጥ መቆም የማይወድ አንድ ሾፌር ነበር። መቆም ስንል ወርዶ በእግር መቆምን አይደለም፤ መኪና ይዞ መንገድ ላይ መቆምን ነው። ቀይ መብራት ካየ ገና ከሩቅ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ እየተንፏቀቀ ይመጣል፤ አረንጓዴ እስኪበራለት በልቡ እየለመነ። መንገደኛ ሊሻገር አንድ እግሩን ካወረደ በክላክስ ይመልሰዋል። የሚያውቀው ሰው ከዳር ሆኖ እጁን ቢያወዛውዝለት በመስኮቱ "ሌላ ጊዜ! ሌላ ጊዜ!" ብሎ ያልፋል። ሰው ይህን ሁሉ የሥራ ፍቅር ነው ብሎ ይተረጉምለት ነበር። ሰው አንዴ ካደነቀ ደግሞ ለመተርጎም ማን ብሎት።

ብረቱ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ በዚያ ስም ግን ከሚስቱ በቀር የሚጠራው የለም፣ እሷም ስትቆጣ ብቻ ነው። ብረቱ ያሰኘችው መኪናው ናት፤ አፍንጫዋ የረዘመ፣ ቀለሟ ሰማያዊ ይሁን ግራጫ የሚያጨቃጭቅ፣ በሯ በጡጫ ካልተመታ የማይዘጋ የጭነት መኪና። አሮጊቷ ይሏታል። የማምረቻው ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚላት ሴት፣ ከአባቷ ከወረሰችው ንብረት ሁሉ አንድም ቀን ያላስለቀሰቻት ይህች መኪና ብቻ እንደሆነች ትናገራለች።

ዝናው ግን ከመኪናዋ ዕድሜ የመጣ አይደለም። ብረቱ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ ይቀይራል። መኪና ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንደ አሮጊቷ ያለች መኪና ሦስት ፔዳል አላት። በግራ በኩል ያለው ፍሪሲዮን ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እሱን በግራ እግር እስከ ወለሉ መርገጥ ግድ ነው፤ አለዚያ ካምቢዮ በሚባለው የብረት ሣጥን ውስጥ ያሉት ጥርሶች እርስ በርስ ይናከሳሉ። ብረቱ አይረግጥም። ሞተሩን ነው የሚያዳምጠው። ነዳጁን ሲለቅለት ድምፁ ወረድ ይላል፤ ሲወርድ መሀል ላይ አንዲት ጠባብ ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ እጀታውን በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርገው ማርሹ ሹልክ ብሎ ይገባል። ግራ እግሩ ይህ ሁሉ ሲሆን እንደ እንግዳ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሾፌሮች አጠገቡ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ይህን ለማየት ሰበብ ፈልገው ይመጣሉ። አይተውም አፋቸውን ይዘው ይወርዳሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህ ጥበብ አልነበረም። ጉልበት ነበር።

የአሮጊቷ ፍሪሲዮን ከባድ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች በጣት የሚነካ ነገር አይደለም፤ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚገፋ ነው። ብረቱ ዕድሜውን ሙሉ ሲገፋው ኖረ። አንድ ቀን ከጋቢናው ሲወርድ ግራ ጉልበቱ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያ እግር የእሱ መሆኑን ተወ። ለማንም ሳይናገር ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ጉልበቱን አጥፎ ዘርግቶ አየና "አባቴ፣ መሀል ያለው ልስልሱ ነገር አልቋል፤ አጥንት ከአጥንት ነው የሚፋጨው። ይህ እግር ከእንግዲህ ፍሪሲዮን አይረግጥም" አለው። ብረቱ "እሺ" አለ። አመሰገነ፣ ወጣ፣ እየነዳ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ ማስገባትን ወጣት ሳለ ካንድ ሽማግሌ ሾፌር አይቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ፍሪሲዮን ለተበላሸበት ሰው የሚሆን የችግር ቀን ብልሃት ነው። እሱ የዕለት እንጀራው አደረገው። ማርሽ ለመቀየር ጆሮ ይበቃል። ቆሞ ለመነሳት ግን ጆሮ አይበቃም፤ እግር ይፈልጋል። እንግዲህ አለመቆም ነው። ሲያቆም ቁልቁል ቦታ መርጦ አፍንጫዋን ወደ ታች ያዞራታል፤ ፍሬኑን ሲለቅላት በራሷ ትንከባለላለች። ሜዳ ላይ ከቆመ ሞተሩን ያጠፋና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ በቁልፉ ሞተሪኖውን ይመታዋል፤ ያ ምስኪን ትንሽ ሞተር መኪናዋን ከነጭነቷ እየጎተተ ያስነሳታል። እንዲህ ያለውን ግፍ የሚችል ሞተሪኖ የለምና አንድ በአንድ ይቃጠሉ ጀመር። ብረቱ መለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ሄዶ "የዛሬ ሞተሪኖ እኮ ካርቶን ነው!" ይላል። ባለ ሱቁም "ምን ታደርገዋለህ ጋሼ፣ የዱሮ ብረት ቀረ" ብሎ ሌላ ካርቶን ያወጣለታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

ለምን ደበቀ? የማምረቻውን ልማድ ስላወቀ ነው። መሪ የለቀቀ ሾፌር በር አጠገብ ካለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበር ይሰጠዋል፤ ከፊቱ የሚያልፉትን መኪኖች እያየ ይውላል። ብረቱ ያን ወንበር ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞራል። እሱ ከተቀመጠ የሚሞት ይመስለዋል፣ በቃ።

ችግሩን ያባሰችው የገዛ ልጁ ናት። እትዬ አንድ አዲስ መኪና ገዛች፤ አውቶማቲክ። ነጭ፣ አፍንጫ የሌላት፣ ዳሽቦርዷ ላይ እንደ ስልክ የሚነካ መስታወት ያለባት። ፍሪሲዮን የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም፤ ለግራ እግር ሥራ የላትም። እትዬ ለብረቱ ነበር ያሰበቻት። "ከሁሉ በፊት አንተ ምረጥ" አለችው። እሱ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሾፌር ፊት ሳቀ።

"እትዬ፣ እኔ መኪና ነው የምነዳው፤ ማጠቢያ ማሽን አይደለም" አላት።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ጉልበቱን የምታድነውን መኪና በገዛ አፉ ገፍቶ አባረራት። ያን ቀን እጇን ያነሳችው ልጁ ናት። በአሮጊቷ ላይ አስተምሮ ሾፌር ያደረጋት፣ ከወንዶቹ እኩል ብሎኬት ጭና የምትወጣ ልጁ "እኔ እወስዳታለሁ" ብላ ቁልፉን ተቀበለች። ብረቱ ቅር አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገር በነገር ይጠቃቀሳሉ።

"እንዴት አደረች ማጠቢያሽ?" ይላታል ጠዋት።

"ደህና አደረች አባዬ፤ ልብስ ካለህ አምጣ" ትለዋለች።

አዲሷ ደግሞ አላሳፈረችውም፤ ሳምንት ሳይሞላ ትታመማለች። አንዴ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራና "አልሄድም" ትላለች። አንዴ ዝናብ ነክቷት ትደነግጣለች። ባለሙያው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣና እንደ ሐኪም ገመድ ሰክቶ ልቧን ያዳምጣል፤ "ሴንሰር ነው" ይላል፤ ሁልጊዜ ሴንሰር ነው። ሾፌሮቹ በግንቡ ጥላ ሥር ተደርድረው ይህን ሲያዩ አንጀታቸው ቅቤ ይጠጣል። የዱሮ መኪና መዶሻና ሽቦ ካገኘ እስከ ዓለም ዳርቻ ይሄዳል፤ የዛሬ መኪና ገና ከፋብሪካ ሲወጣ የሚሞትበትን ቀን ያውቀዋል፤ የመኪናው ብረት ቀጠነ፣ ላስቲኩ በዛ፣ ሰሪው ያረጀውን እንድትጠግኑ ሳይሆን ሌላ እንድትገዙ ነው የሚሠራው። የሚሉት ሐሰት አልነበረም። ብረቱም ከሁሉ ጮክ ብሎ ያወራው ነበር፤ ቁጭ ብሎ ግን አይደለም፤ ግንቡን ተደግፎ፣ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ።

ነገሩ የተበላሸው በቀጭኔ ነው። ቀጭኔ የሚሉት ከቁመቱ የተነሳ ጋቢና ውስጥ አንገቱን አጥፎ የሚነዳ ሾፌር ነው፤ ልበ ቀና፣ ሦስት ሕፃናት ያሉት፣ ብረቱን እንደ አባት የሚያይ። መኪናው አዲስም አሮጌም ያልሆነች፣ ባለ ፍሪሲዮን መኪና ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጎትታ ገባች። ካምቢዮዋ ሲፈታ ጥርሶቹ ተሸራርፈው ዘይቱ ውስጥ እንደ ጠጠር ተዘርግተዋል። እትዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው።

"ምን አድርገህ ነው?" አለችው።

"እንደ ጋሼ ነው የነዳሁት፣ እትዬ። ያለ ፍሪሲዮን።" ይህን ሲላት አፍሮ አይደለም፤ ኮርቶ ነው ማለት ይቻላል። "እየለመድኩ ነበር።"

"ብረቱ ይህን ሁሉ ዘመን ሲነዳ አንድ ጥርስ አልሰበረም። አንተ ግን ከማትችለው ነገር ጋር ትታገላለህ። በል እስከ ነገ አስብበታለሁ፤ ነገ ግን ቁልፍህን ይዘህ ና፤ የምታስረክበኝ ይመስለኛል።"

ሁሉም ወደ ብረቱ ዞረ። መናገር ያለበት ያኔ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ከዘይቱ ውስጥ አንድ ስባሪ ጥርስ አነሳና በጣቶቹ እያሻሸ "እትዬ፣ በዚህ ልጅ አትፍረጂ። የዛሬ ብረት ሳሙና ነው" አለ።

ሾፌሮቹ "እውነት ነው! ሳሙና ነው!" አሉ በአንድ ድምፅ። እትዬ ግን ሳሙናውን የሰበረውን ሰው እንጂ ሳሙናውን ማባረር እንደማትችል ተናግራ ገባች። ቀጭኔ መጥቶ የብረቱን እጅ ያዘ። "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ቆምክልኝ" አለው። ብረቱ እጁን ነጥቆ ወደ መኪናው ሄደ።

ያን ምሽት እራት ቀርቦ አልቀመጥ አለ። አንዴ ይጎርሳል፣ መስኮት ድረስ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይጎርሳል።

"ምነው አንተ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ?" አለችው ሚስቱ።

"ምንም አልሆንኩም።"

"ምንም ያልሆነ ሰው ተቀምጦ ነው የሚበላው። ከሰው ተጣላህ?"

"አልተጣላሁም አልኩሽ እኮ!" ብሎ ጮኸባት፤ ከዚያ ለመጮኹ ይቅርታ ሳይጠይቅ ተኛ። እንቅልፍ ግን ወዴት አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው ግን ዝም ያለ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚገባ አልነገረንም።

በማግሥቱ ጠዋት አዲሷ መኪና ሙሉ ጭነት ይዛ ቢጫ መብራቷን አበራች። ልጁ አጠፋቻት፣ አስነሳቻት፣ ለመነቻት፤ ንቅንቅ የለም። ብሎኬቱ የሚፈለገው ደግሞ ከውሃ ታንከሩ ዳገት በላይ ባለ ሕንፃ ሥራ ላይ ነው፤ ሠራተኞች ሲሚንቶ አቡክተው እየጠበቁ። እትዬ "ወደ አሮጊቷ አዙሩት፤ አባትና ልጅ ሆናችሁ አድርሱት" አለች። ብረቱ "ብቻዬን እችላለሁ" አለ። "ማራገፊያው ጋ የሚያውቁት እሷን ነው" አለችው እትዬ፤ በቃ።

ስለዚህ ልጁ ቀኝ ወንበር ላይ ወጥታ በሩን በጡጫ መታችውና ተቀመጠች። ብረቱ እንደ ልማዱ ከግቢው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ለቀቀ፤ አሮጊቷ ተንከባለለች፣ ሞተሩ ያዘ፣ ወጡ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ልጁ እግሩን ታያለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታየው እግር ነው፤ አሁን ግን ሾፌር ሆና ነው የምታየው።

"አባዬ" አለችው ቆይታ፤ የጠዋቱ ሽሙጥ ከድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። "ተጣልተን ነው እንጂ፣ እንዲህ ስትነዳ ሳይህ ደስ ይለኛል። ለሰው ሁሉ ነው የማወራልህ። ለቀጭኔም ያሳየሁት እኔ ነኝ።"

"ምኑን?"

"ይህን። 'ሞተሩን አዳምጠው፣ አባዬ እንዲህ ነው የሚያደርገው' እያልኩ። ያልታደለ ጆሮ አለው መሰለኝ።" ወደ እሱ ዞረች። "ዛሬ ሊያባርሩት ነው አይደል? በእኔ ጦስ።"

ብረቱ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳበ። ላብ ከኮፍያው ሥር ወረደው። ነዳጁን ጨመረ፤ ከሚገባው በላይ ጨመረ። አንድ አደባባይ ውስጥ ማንንም ሳያስቀድም ገባ፣ የአትክልት ጋሪ የሚገፋ ሰው እጁን አንስቶ ረገመው፣ ብረቱ በስፖኪዮ እንኳ አላየውም። ቶሎ ደርሶ፣ ቶሎ አራግፎ፣ ቶሎ ብቻውን መሆን ነበር የፈለገው።

የታንከሩን ዳገት ሲጀምሩ ከፊት ቀይ ጨርቅ ታየ። መንገዱ ግማሹ ተቆፍሯል። ብርቱካንማ ሰደርያ የለበሰች ሴት ዳገቱ መሀል ቆማ በአንድ እጇ ጨርቁን ታውለበልባለች፣ በሌላው "ቁም" ትላለች፤ ከላይ የሚወርዱት እስኪያልፉ። ብረቱ እየተንፏቀቀ ቀረባት። ክላክስ ነፋ። ሴትየዋ አልተነቃነቀችም። ክላክሱን ያዘው።

"አባዬ፣ ቁም እንጂ! አስቆመችህ እኮ!"

ቆመ። እግሩ ፍሬን ላይ፣ ማርሹ ባዶ ላይ፣ ሙሉ ጭነት፣ ቀጥ ያለ ዳገት። ቁልቁለት የለም። ሞተሪኖውም ይህን ጭነት ሽቅብ አይጎትትም። ኋላቸው ሰው የሞላ ሚኒባስ መጥቶ ተጠጋና ጡሩምባውን ነፋ። ከላይ የሚወርዱት አለፉ። ሴትየዋ ጨርቋን ጠቅልላ በእጇ "ና፣ እለፍ" አለችው።

ብረቱ ግራ እግሩን አነሳና ፍሪሲዮኑ ላይ አስቀመጠው። ረገጠ። ጉልበቱ ውስጥ እሳት ገባ። ፔዳሉ ግማሽ ድረስ ወረደ። አንደኛ ማርሽ እየጮኸ፣ እየተናከሰ ገባ። ነዳጅ ሰጠ። ቀስ ብሎ ሊለቅ ሲል ግን ጉልበቱ ከዳው፤ እግሩ በአንድ ጊዜ ተሽቀነጠረ፣ አሮጊቷ እንደ ተወጋ በሬ ወደፊት ዘለለች። ሴትየዋ ጮኻ ጠጠር ክምሩ ላይ ወደቀች። ሞተሩ ጠፋ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሚኒባሱ መንሸራተት ጀመረች፤ ልጁ በሁለት እጇ ተወርውራ የእጅ ፍሬኑን ሳበችው።

መንገዱ ሁሉ ስድብ ሆነ። ሴትየዋ ከጠጠሩ ላይ ተነስታ የጋቢናውን በር በመዳፏ ደበደበች። "ልትገድለኝ ነበር! ምን ነካህ? ልጆች አሉኝ እኮ!" ክንዷ ተልጦ ይደማል። ልጁ ወርዳ ያዘቻት፣ ውሃ አፈሰሰችላት፣ ለመነቻት፣ ቁስሏን በራሷ ሻርፕ አሰረችላት። ብረቱ መሪውን እንደያዘ ቀረ። እጁ አልላቀቅ ብሎት ነበር።

ልጁ ተመልሳ በሾፌሩ በር በኩል ቆመች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እግርህ ነው?"

"ጉልበቴ ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፍሪሲዮኑ ከተለያየን ጀምሮ" አላት። ሊያሾፍ ነበር፤ አልሆነለትም።

ነገሩ ሲገባት ታየ። መጀመሪያ ዓይኗ ወደ ፔዳሉ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እጀታው፣ ከዚያ ወደ ፊቱ። "ጥበብ አይደለም ማለት ነው" አለች። "እኛ ግን... አባዬ፣ ቀጭኔ እኮ ይህን ሊመስል ብሎ ነው መኪና የሰበረው! ትናንት ቆመህ 'ሳሙና ነው' አልክ!"

"አልኩ።"

"እንዴት አስቻለህ?"

"አላስቻለኝም" አለ ብረቱ። "ትናንት አልተኛሁም። ግን እዚያች በር ላይ ያለችው ወንበር... ፈራሁ፣ የኔ ልጅ። ሌላ ምንም አይደለም። ፈራሁ።"

"ተጠጋ" አለችው ብቻ። በመቀመጫው ላይ እየተንፏቀቀ ወደ ቀኝ አለፈ። እሷ ወጣች፣ ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠች። አሮጊቷ አንዴም ሳትነጫነጭ ዳገቱን ተያያዘችው። ሁለተኛ ስታስገባ የብረቱ ግራ እግር በባዶ ወለል ላይ ተጫነ። ሦስተኛም ላይ እንዲሁ። ሞተሩን አዳመጠ፤ አንዲት ሳል፣ አንዲት እምቢታ፣ ስለ እሱ የምትል አንዲት ነገር ይጠብቅ ነበር። ምንም። መኪናዋ ማን እንደያዛት ግድ አልነበራትም። ሲያወራላት የኖረው ይህን አልነበር፣ አታልቅም እያለ? አላለቀችም። ያለቀው እሱ ነው። ይህን ማወቁ ከጉልበቱ ይልቅ አመመው።

አራግፈው ሲመለሱ ልጁ ከግቢው አጥር ማዶ፣ ማንም በማያይበት በኩል ቆመች። ንዴቷ በርዶ ነበር፤ ከንዴቷ ይልቅ ሐዘኗ አስፈራው።

"ና፣ ቁልቁለት ነው፣ አንተ ይዘሃት ግባ" አለች። "ሰው አይወቅ። ለቀጭኔ እኔ እናገርለታለሁ፤ ያሳሳትኩት እኔ ነኝ እላለሁ። እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ ያሳየሁት። ከዚያ ቀስ ብለን አንድ መላ እንፈልጋለን።"

ብረቱ ወረደ። በአፍንጫዋ በኩል ዞሮ፣ ኮፈኗን በመዳፉ እየነካ፣ ወደ ሾፌሩ በር መጣ። ልጁ ወደ ቀኝ ወንበር ተሻግራለት ነበር። የበሩን እጀታ ያዘ። ከአጥሩ ወዲያ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ የቀጭኔን ካምቢዮ እየጠገኑ ነው። መዶሻው ሲያርፍ የቀጭኔ ድምፅ መጣ፤ የሆነ ቀልድ እየነገራቸው ነበር፣ ሊባረር ሰዓታት የቀሩት ሰው። ሰዎቹ ሳቁ። ብረቱ እዚያው እጀታውን እንደያዘ ቆመ፤ ለመሄድ ሳይቸኩል ሲቆም ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን አላወቀም።

"ተመለሺ ወደ መሪሽ" አላት። "አንቺ ነሽ ይዘሻት የምትገቢው።"

ስትገባ ዘበኛው ለሾፌሩ መስኮት እጁን አነሳ፤ ልጅቷን ሲያይ ግን እጁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ሰዎቹም ከካምቢዮው ላይ ቀና አሉ። ብረቱ በቀኝ በኩል እየተጎተተ ወረደ። እትዬ ከቢሮዋ ደጃፍ ላይ ነበረች፤ ቀጭኔ ቁልፉን በእጁ ይዞ ፊቷ ቆሟል።

"እትዬ" አለ ብረቱ። "ቁልፉን አትቀበይው። እኔ ፍሪሲዮን የማልረግጠው ስለምችልበት አይደለም፤ መርገጥ ስላቃተኝ ነው። ጉልበቴ አልቋል። ደብቄያችሁ ነው። የዚህ ልጅ ካምቢዮ የተሰበረው በእኔ ውሸት ነው፤ ሳሙናም ብረትም አይደለም።"

ሾፌሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ ሾፌር ራሱን ነቀነቀ። "ብረቱ እኮ ድሮም እንዲህ ነው፤ ለሰው ይሞታል" አለ። ሌላው "ቀጭኔን ሊያድን ነው" አለ። እትዬም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ብረቱ፣ ደግነትህን አውቃለሁ። ግን ሰው ለማዳን ብሎ እንዲህ አይዋሽም" አለችው። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ስም እንደ ግንብ ፊቱ ቆመበት። ወደ ቀጭኔ ዞረ። የቀጭኔ ዓይን እንባ አቅርሯል።

"ጋሼ፣ ስለ እኔ ብለህ ስምህን አታበላሽ" አለው። "እኔ ሌላ ቦታ እገባለሁ።"

ብረቱ ዓይኑን ከእሱ ላይ ማንሳት አቃተው። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ተራመደ፣ የሾፌሩን በር እስከ መጨረሻው ከፈተው፣ በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ወጣ። ሁሉም ከታች ሆኖ እግሩን ማየት ይችላል። ግራ እግሩን አንስቶ ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገውና ገፋ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደና ቆመ። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ገፋ። ጭኑ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ከጉሮሮው እሱ ያላዘዘው ድምፅ ወጣ፤ ፔዳሉ ግን እዚያው ነው። እንደገና ገፋ። እግሩ አዳልጦት ወደቀ፣ ፔዳሉ ጧ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። እግሩን በእጁ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሊገፋ ሲል ሰዎቹ አንድ በአንድ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ዓይኑን ያልጣለው ቀጭኔ ብቻ ነበር፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ በሩ መጣና መዳፉን የብረቱ ጉልበት ላይ አሳረፈ።

"በቃ ጋሼ፣ አየን። ና ውረድ" አለው።

ብረቱ ለመውረድ ሞከረ፤ ግራ እግሩ አልታዘዝ ስላለው ቀጭኔ ትከሻውን ሰጠው።